ኒካሑ በስልክ፣ ኑሮው በምን? ባሕር ማዶ ላለ የትዳር ጓደኛ ከመታሰራችን በፊት



ውድ ወንድሞችና እህቶች! በእኛ ደብረ ወርቅም ሆነ በቢቸና፣ በሞጣና በደብረ ማርቆስ ያላችሁ ወጣቶች ሁላችሁም የምታውቁት ነገር ነው። የኒካሕ መጅሊስ ይዘረጋል። ወሊዩ ይቀመጣል፣ ምስክሮቹ ይቀመጣሉ፣ ሙሽራው ግን የለም። ሙሽራው ሪያድ ነው፤ ወይ ዱባይ ነው፤ ወይ አሜሪካ ነው። በእሱ ፈንታ ወንድሙ ወይም አጎቱ ወኪል ሆኖ ይቀመጣል። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ መሃል ላይ ይደረጋል። ኢጃብና ቀቡል ይባላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ቡና ይጠጣል። ነገሩ ሁሉ አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን ዓመታት ነው። «ፕሮሰሱ ተጀምሯል» ይባላል። «ኤምባሲው ዘገየ» ይባላል። «ስፖንሰር አላገኘሁም» ይባላል። እህታችን ያገባች ናት እንዳትባል ባል የለም፤ ያላገባች ናት እንዳትባል ኒካሕ አለ። ወንድሞችም ላይ ይደርሳል። ሚስቱ ሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ሆና፣ እሱ እዚህ ሱቅ ጠባቂ ሆኖ ዓመት በዓመት ላይ የሚደርብ ወንድም በየሰፈሩ አለ።

ዛሬ ማንሳት የፈለግነው ይህን ነው። አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር፦ ሁለቱ ሰዎች የት፣ መቼና በምን ወረቀት አብረው እንደሚኖሩ ሳይታወቅ ኒካሕ መታሰር የለበትም። ወረቀቱ ከኒካሑ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ አይደለም። መህሩ በሚነገርበት ቀን አብሮ መነገር ያለበት ጉዳይ ነው።

1. የኡሙ ሐቢባን ታሪክ እስከ መጨረሻው እናንብበው

የስልክ ኒካሕ ሲነሳ ብዙ ሰው የእናታችንን የኡሙ ሐቢባን (ረ.ዐ.) ታሪክ ማስረጃ ያደርጋል። ደግ አደረገ። ታሪኩ የእኛው ምድር ታሪክ ነው። ረምላ ቢንት አቢ ሱፍያን ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሙሃጂሮች አንዷ ነበረች። ባሏ ዑበይዱላህ ኢብን ጀሕሽ እዚሁ ሐበሻ ሞተ፤ እሷም በሰው አገር ከልጇ ጋር ቀረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሆነው ለነጃሺ መልእክት ላኩ፤ ኒካሑም እሷ ሐበሻ፣ እሳቸው መዲና ሆነው ታሰረ።

ስለዚህ በሸሪዓ በወኪል ኒካሕ ማሰር ይቻላል። በዚህ አንከራከርም። ግን ታሪኩን ግማሽ ላይ አናቁመው። አንደኛ፣ ፈቃዷ ተጠይቋል፤ ወኪሏን ኻሊድ ኢብን ሰዒድን የመረጠችው ራሷ ናት። ሁለተኛ፣ መህሩ «በኋላ ይላካል» አልተባለም። ነጃሺ በዚያው መጅሊስ ከፍሎታል፤ በአንድ ዘገባ 400 ዲናር፣ በሌላው 4,000 ዲርሃም ነው። ሦስተኛ፣ ነገሩ በድብቅ አልተደረገም፤ ሙስሊሞቹ ተሰብስበው ምግብ ቀርቧል። አራተኛውና እኛ የምንረሳው፣ ሹረሕቢል ኢብን ሐሰና አብሯት ተልኮ መዲና ደረሰች። ኒካሑን ያሰረው ወገን ጉዞዋንም አዘጋጅቷል።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ማስረጃ ያደረገ ሰው አራቱንም ይያዝ። ውክልናውን ወስዶ ጉዞውን የተወ ሰው የወሰደው የሚመቸውን ብቻ ነው።

2. ኒካሑ ሐላል ነው፤ መንግሥት ግን ምን ይላል?

የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ሦስት ዓይነት ጋብቻ ይቀበላል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተደረገውን፣ በሃይማኖት ሥርዓት የተደረገውንና በባህል የተደረገውን። ስለዚህ ኒካሕ በሕግ ፊትም ጋብቻ ነው። «ኒካሕ ብቻ ነው ያለን፣ አልተጋባንም» የሚሉ ልጆች ይህን ይወቁ።

ነገር ግን የዚሁ ሕግ አንቀጽ 12 ተጋቢዎቹ ጋብቻው በሚፈጸምበት ቦታና ሰዓት ራሳቸው ተገኝተው ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ ያዛል። በወኪል መጋባት የሚቻለው ከባድ ምክንያት መኖሩና የወካዩ ሙሉ ፈቃድ ተረጋግጦ ፍትሕ ሚኒስቴር ሲፈቅድ ብቻ ነው። ስልክ መሃል አስቀምጦ የሚታሰረው ኒካሕ ይህን አያሟላም። ክልላችንም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ስለዚህ ከመታሰሩ በፊት የወረዳችሁን ፍትሕ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

ሌላው ምዝገባ ነው። ጋብቻ በየትኛውም ሥርዓት ቢፈጸም መመዝገብ አለበት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ለጋብቻ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ኤምባሲ ሲደረስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ የጋብቻ የምስክር ወረቀት ነው። መስጂድ የጻፈላችሁ የኒካሕ ወረቀት ደጋፊ ማስረጃ ይሆናል እንጂ ያንን አይተካም።

እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር እንበል። ሙሐመድ የሚለው ስም በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በቀበሌው መታወቂያ ሌላ ዓይነት፣ በኒካሑ ወረቀት ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ይጻፋል። የአያት ስም አንዱ ጋ አለ፣ ሌላው ጋ የለም። የልደት ቀንም እንደዚያው። ለእኛ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ወረቀቱን ለሚመረምረው ሰው ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከምዝገባው በፊት ሁሉንም በፓስፖርቱ አጻጻፍ አስተካክሉ።

3. «ወደ አሜሪካ እወስድሻለሁ» ያለው ሰው በየትኛው መንገድ ነው የሚወስደው?

ይህን ጥያቄ መጠየቅ ነውር አይደለም። መንገዱ እንደ ሰውየው ወረቀት ይለያያልና።

ሰውየው የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የእጮኛ ቪዛ ነው፤ ኬ-1 ይባላል። በዚህ ቪዛ የገባች እጮኛ በ90 ቀን ውስጥ እሱኑ ማግባት አለባት። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታቸውም ይጠየቃል፤ ጥብቅ የሃይማኖት ወይም የባህል ሥርዓት ምክንያት ሲኖር ግን ነፃ እንዲያደርጋቸው መለመን ይቻላል። ሁለተኛው የሚስት ቪዛ ነው፤ ለዜጋ ሚስት በዓመት የሚሰጠው ቁጥር ገደብ የለውም። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ግን እጮኛ ማምጣት አይችልም፤ ለሚስቱ ማመልከት ቢችልም የቁጥር ገደብ ስላለ ተራ ይጠብቃል። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ደግሞ ጥገኝነቱ ከጸደቀበት ቀን አንስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ለሚስቱ ማመልከት ይችላል፤ በዚህ መንገድ የሚሆነው ግን ጋብቻው ጥገኝነቱ ከመጽደቁ በፊት የነበረ ከሆነ ነው።

አሁን ከእኛ ኒካሕ ጋር አያይዙት። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ሁለቱ ተጋቢዎች ፊት ለፊት ሳይገናኙ የተደረገን ጋብቻ፣ ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት ሆነው በአካል ካልተገናኙ በስተቀር፣ እንደ ጋብቻ አይቆጥረውም። ስለዚህ በስልክ ኒካሕ አስሮ ሳይመጣ ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው ውድቅ የሚሆን ማመልከቻ ነው የሚያስገባው። በሌላ በኩል ኒካሕ አስሮ «እጮኛዬ ናት» ብሎ ኬ-1 የሚሞላ ሰው ያገባትን ሴት አላገባኋትም ብሎ እየጻፈ ነው። የእጮኛ መንገድ የሚፈልግ ሰው ኒካሑን እዚያው ያቆየው፣ እዚህ በኺጥባ ይቆይ። የሚስት መንገድ የሚፈልግ ሰው መጥቶ ይጋባ፣ ያስመዝግብ። ሁለቱን መቀላቀል ሁለቱንም ማጣት ነው።

ገቢም ይጠየቃል። ስፖንሰሩ ገቢው ከአሜሪካ የድህነት ወለል 125 በመቶ በታች እንዳልሆነ ማሳየትና ፊርማውን ማኖር አለበት፤ ካልሞላለት ሌላ ሰው አብሮት ሊፈርም ይችላል። ያ ፊርማ በፍቺ እንኳ አይቀርም። በትዳር የገባችና በመግቢያዋ ቀን ትዳሯ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሴት ደግሞ የሚሰጣት ካርድ የሁለት ዓመት ነው። ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ከባሏ ጋር ሆነው ያሳድሱታል። እህቶች ሆይ፣ ይህን ልብ አድርጉ፦ ባል ቢደበድብ ወይም ትዳሩ ቢፈርስ ሚስት ብቻዋን የምታመለክትበት በር በሕጉ ተከፍቷል። «ካርድሽ በእጄ ነው» እያለ የሚያስፈራራ ባል ውሸቱን ነው።

ካናዳ ከዚህ ይጠብቃል። ከሰኔ 2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በወኪል፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተፈጸመ ጋብቻን ለስፖንሰርነት አይቀበልም። ብሪታንያ በሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ስፖንሰር የሚያደርገው ሰው ሊኖረው የሚገባውን የዓመት ገቢ ከ18,600 ወደ 29,000 ፓውንድ ከፍ አድርጋለች፤ የእንግሊዝኛ ፈተናም ትጠይቃለች። ጀርመን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ሚስት ወይም ባል ከመሄዱ በፊት የመጀመሪያ ደረጃ ጀርመንኛ እንዲያውቅ ትጠይቃለች። ይህ ማለት ከደብረ ወርቅ ተነስቶ፣ በደጀን ዓባይን ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ወራት መማር ማለት ነው። ወጪው የማን ነው? ኒካሑ ከመታሰሩ በፊት ይነገር።

እነዚህ ሕጎች ይቀያየራሉ። መንግሥት ሲለወጥ ይለወጣሉ። ስለዚህ ደላላ ወይም ዘመድ የነገራችሁን አትያዙ፤ በማመልከቻው ሰሞን የኤምባሲውን የራሱን ጽሑፍ አስነብቡ።

4. «ያላገባ» ብሎ የሞላ እጅ

ከሁሉ በላይ ቤት የሚያፈርሰው ይህ ነው። ወንድማችን ዲቪ ሲሞላ ኒካሕ አለው። «ሲቀላኝ ይሻላል» ብሎ ያላገባ ነኝ ይላል። የዲቪ ሕግ ግን ባለትዳር የሆነ ሰው ሚስቱን በማመልከቻው ላይ እንዲጽፍ ያስገድዳል። ሳይጽፍ ቢቀር ዕጣው ቢወጣለትም ለእሱም ለእሷም ይሰረዛል። ሌላው ጥገኝነት ሲጠይቅ ያላገባ ነኝ ይላል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ «ሚስቴን አምጡልኝ» ሲል የመጀመሪያው ቃሉ ከፋይሉ ይወጣል። በካናዳም ሲገባ ሚስቱን የደበቀ ሰው በኋላ እሷን በቤተሰብነት እንዳያመጣ የሚከለክል አንቀጽ አለ።

ቅጹን የሞላው እሱ ነው፤ የሚከፍለው ግን እሷ ናት። አንድ ቃል ዋሽቶ ሚስቱን በሕግ ፊት የለችም አደረጋት። ሙስሊም ሰው ውሉን ይሞላል፣ ቃሉን ይጠብቃል፤ ጠያቂው ሙስሊም ስላልሆነ ብቻ ውሸት ሐላል አይሆንም።

5. ዐረብ አገር ያለው ሌላ ነው

ከእኛ አካባቢ የብዙዎች መንገድ አሜሪካ አይደለም፤ ሳዑዲና ኤሚሬትስ ነው። እዚያ ደግሞ ቤተሰብ ማምጣት በሙያና በደመወዝ ይወሰናል። በኤሚሬትስ ቤተሰቡን የሚያመጣ ሠራተኛ ቢያንስ 4,000 ዲርሃም ደመወዝ፣ ወይም 3,000 ዲርሃምና መኖሪያ ቤት ሊኖረው ይገባል። ሳዑዲ በ2017 (እ.ኤ.አ.) በእያንዳንዱ ጥገኛ ቤተሰብ ላይ በወር 100 ሪያል ክፍያ ጀምራ በየዓመቱ እየጨመረች በ2020 400 ሪያል አድርሳዋለች። ሚስትና ሁለት ልጅ ያለው ሰው ለወረቀት ብቻ በወር 1,200 ሪያል ማለት ነው። ያውም የሙያው ዓይነት ከተፈቀደለት ነው።

የቤት ሠራተኛ ሆና የሄደች እህት ደግሞ ባሏን ወደዚያ ማምጣት አትችልም። ኢቃማዋ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ የምታድረው በአሠሪዋ ቤት ነው። ስለዚህ «ሂጂ፣ ከዚያ ትወስጂኛለሽ» ብሎ ሚስቱን የሚልክ ወንድም ራሱን አያታልል። እዚህ ያለው እውነተኛ ምርጫ ሌላ ነው፦ የተወሰነ ዓመት፣ የተወሰነ ገንዘብ፣ የመመለሻ ቀን፣ በእሷ ስም የሚቀመጥ ተቀማጭ። ያለዚያ ሚስቱ የላከችውን እየበላ የሚጠብቅ ባል ቀለቧን በሚችልበት ቦታ ራሱ ቀለብተኛ ሆነ ማለት ነው።

የሳዑዲ ዜጋ የሆነ ሰው የውጭ አገር ሴት ለማግባት ከመንግሥቱ ፈቃድ ማውጣት እንዳለበትም ወላጆች ይወቁ። ፈቃድ ሳይኖረው «ኒካሕ እንሰር» የሚል ሰው ነገ ልጅ ሲወለድ ወረቀቱን ከየት ሊያመጣ ነው?

6. እነሱስ ወደ እኛ ቢመጡ?

ሁሌ የምናስበው ስለ መሄድ ነው። መምጣትም አለ። ዐረብ አገር ሆና የየመን ወይም የሱዳን ሰው ያገባች እህት አለች። ዜግነቱን የለወጠ የራሳችን ልጅም በሕግ የውጭ ዜጋ ነው፤ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትቀበልምና። ለእሱ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ያለ መግቢያ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ መግባትና መኖር ያስችለዋል።

የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ ኢትዮጵያዊት ወይም ኢትዮጵያዊ ያገባ የውጭ ሰው ዜግነት የሚጠይቅበትን መንገድ አስቀምጧል። ጋብቻው ሕጋዊና ቢያንስ ሁለት ዓመት የሆነው መሆን አለበት፤ አመልካቹም ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ መሆን አለበት። እዚህም ቢሆን የተመዘገበ ጋብቻ ከሌለ የሚነሳበት መሠረት የለም።

እህቶች ሁለት ነገር ያዙ። የውጭ ዜጋ ማግባት ኢትዮጵያዊነታችሁን አያስቀርም፤ ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 የተጻፈ ነው። ከእናንተ የተወለደ ልጅም አባቱ የትም አገር ሰው ይሁን ኢትዮጵያዊ ነው። ልጅ ይዛ የተመለሰችን እህት «የማን ልጅ ነው» እያሉ የሚያሸማቅቁ ሰዎች ቢያንስ ሕጉን ይፍሩ፤ ከዚያ በፊት ግን አላህን ይፍሩ።

7. የወረቀት ትዳር

ዲቪ የወጣለት ሰው ሲገኝ «በዚህን ያህል ብር ሚስት አድርገህ ውሰዳት» የሚል ደላላ አይጠፋም። ኒካሑ ለፎቶ ይታሰራል፣ ቀኑ ወደ ኋላ ይጻፋል፣ ሁለት ሰው ምስክር ይሆናል። በአሜሪካ ሕግ ይህ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት አለው። ለወረቀት ብሎ መጋባቱ የተረጋገጠበት ሰው በኋላ እውነተኛ ትዳር ቢይዝ እንኳ በዚያ ትዳር ቪዛ እንዳያገኝ ይታገዳል።

የእኛ ጉዳይ ግን ከዚያ ይቀድማል። በሐሰት መመስከር ከታላላቅ ወንጀሎች አንዱ ነው። ቀን ወደ ኋላ ተደርጎ በተጻፈ ኒካሕ ላይ የፈረመ ምስክር፣ የጻፈው ጸሐፊና ያሰረው ሰው ሁሉ ተካፋይ ናቸው። በመስጂድ የምናገለግል ሰዎች «ልጁ ይለወጥ ብዬ ነው» የሚል ልመና ይቀርብልናል። ልመናው ልብ ይነካል። መልሱ ግን አንድ ነው፦ አይሆንም። ሴትየዋም ታስብ። በኒካሕ ለሰውየው ሐላል ሆናለች። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «አመሰግናለሁ» ተባብለው የሚለያዩ ቢመስላት፣ እሱ «ሚስቴ ነሽ» ቢላት በሰው አገር ማን ይደርስላታል?

8. «ኒካሕ ካለ ይበቃል» ለሚሉ

አንዳንድ ወንድሞች «በአላህ ዘንድ ትዳር ሆኗል፤ የመንግሥት ወረቀት ምን ያደርጋል» ይላሉ። በአላህ ዘንድ ትዳር መሆኑን ማን ካደ? ነገር ግን ቁርኣን ዕዳን እንኳ ጻፉት ብሎ በረጅም አንቀጽ አዟል። ትዳር ደግሞ በዚያው ቁርኣን ጽኑ ቃል ኪዳን ተብሎ ተጠርቷል። አምስት ሺህ ብር ስናበድር ወረቀት እንፈልጋለን፤ ልጃችንን ስንሰጥ ወረቀት ማፈር ከየት መጣ?

ባል የሌላት፣ ነፃም ያልሆነች ሴት ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ «ሙዐለቃ» ብሎ የጠራት ናት፤ የተንጠለጠለች ማለት ነው። ወንዶች ሚስታቸውን እንደዚያ እንዳይተዉ ተከልክለዋል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ባሏ ዘመቻ የሄደባትን ሴት ምሬት ሰምተው ልጃቸውን ሐፍሷን ሴት ያለ ባሏ ምን ያህል እንደምትታገሥ ጠይቀው፣ ለወታደሮቹ የመቆያ ጊዜ እንደወሰኑ ይታወቃል። ወሬው የወራት እንጂ የዓመታት አልነበረም። የእኛ እህቶች ስንት ዓመት ነው የሚጠብቁት?

ሌላው የሚነሳው ሐሳብ ግን ክብደት አለው። «ልጁ ሁለት ጊዜ ለመምጣት የአውሮፕላን ዋጋ የለውም፤ ፈቃድ አያገኝም፤ እዚህም መንገዱ አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል፤ ብናዘገይ ፊትና ነው» ይባላል። እውነት ነው። ያለፉት ዓመታት ከደብረ ወርቅ አዲስ አበባ መውጣት ራሱ እንዴት እንደነበር እኛው እናውቃለን። ሁሉም ሰው የሚመች ጊዜ ይጠብቅ አንልም። ግን ፊትናን ፈርቶ የታሰረ ኒካሕ ለአምስት ዓመት ከተንጠለጠለ ፊትናው ወዴት ሄደ? ወደ ልጅቷ ቤት ገባ እንጂ አልቀረም። መምጣት ያልቻለ ሰው በኺጥባ ይቆይ። ኺጥባ ቢፈርስ ያዝናል፤ ኒካሕ ተንጠልጥሎ ሲፈርስ ግን ዕድሜ ይሄዳል።

9. በሽምግልናው ቀን የሚጠየቁ

ስለዚህ ወላጆችና ወሊዮች፣ ሽማግሌ ሲመጣ የዘሩን፣ የዲኑንና የመህሩን ነገር ስትጠይቁ እነዚህንም ጨምሩ፦

▪️ ሰውየው እዚያ አገር የሚኖረው በምን ወረቀት ነው? ዜጋ ነው? ግሪን ካርድ ነው? ጥገኝነት ነው? ኢቃማ ነው? ወረቀቱን ያሳይ።

▪️ በዚያ አገር መዝገብ ላይ ያላገባ ነው ወይስ ያገባ? ሌላ ሚስት ወይም ያልተጨረሰ ፍቺ አለው? ፍቺ ካለ ወረቀቱ ይታይ። የአገራችን የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የብሪታንያና የጀርመን ሕግ በትዳር ላይ ትዳርን አይቀበልም፤ ወደ እነዚህ አገሮች ሁለተኛ ሚስት በሚስትነት ቪዛ አታገኝም።

▪️ መቼ መጥቶ ይጋባል? ማን ያስመዘግባል? 30 ቀኑ ሳያልፍ ቀበሌ የሚሄደው ማን ነው?

▪️ የማመልከቻውን፣ የሕክምና ምርመራውን፣ የአዲስ አበባ ምልልሱንና የቋንቋ ትምህርቱን ወጪ ማን ይሸፍናል?

▪️ እስክትሄድ ድረስ ቀለቧ በወር ስንት ነው? በማን እጅ ይገባል?

▪️ ወረቀቱ ቢከለከልስ? ይመለሳል? ሌላ አገር ይፈልጋሉ? ይለያያሉ?

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ፉቀሃዎች የተውልን መፍትሔ አለ። ባል የፍቺን ሥልጣን ለሚስቱ በሁኔታ ሊሰጣት ይችላል፤ ተፍዊድ ይባላል፤ በሐነፊ መዝሀብ በሰፊው የሚታወቅ ነው። «በሁለት ዓመት ውስጥ ካልወሰድኩሽ ወይም ካልተመለስኩ ምርጫው ያንቺ ነው» ተብሎ በምስክር ፊት ይጻፍ። ከዚያም ፍቺው በፍርድ ቤት ይጸናል። ይህን መጻፍ ለትዳሩ ክፉ መመኘት አይደለም። በእውነት ሊወስዳት ያሰበ ሰው በዚህ ፊርማ የሚጎድልበት ነገር የለም። እምቢ ካለ ግን እምቢታው ራሱ መልስ ነው።

በመስጂድ ኒካሕ የምናስርና የምንጽፍ ሰዎችም ድርሻ አለን። የወካዩን ፓስፖርት ኮፒ ሳናይ፣ ልጅቷን ከወሊዩ ለይተን ፈቃዷን ሳንሰማ፣ 18 ዓመት መሙላቷን ሳናረጋግጥ፣ ከላይ ያሉት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ወረቀት አንጻፍ። «ሌላ መስጂድ ሄደው ይታሰራሉ» ይባላል። ይሂዱ። እያንዳንዱ የሚጠየቀው በፈረመው ነው።

አንቺ እህቴ፣ ያፈቀርሽው ሰው ሩቅ ከሆነ እነዚህን ጥያቄዎች ራስሽ ጠይቂው፤ አባትሽ እስኪጠይቁልሽ አትጠብቂ። አንተ ወንድሜ፣ እሷ ሳትጠይቅህ ንገራት፤ ወረቀትህ ያልተስተካከለ ከሆነም እንደዚያው ንገራት። እውነቱን ሰምታ እሺ ያለች ሴት ትታገሣለች። ተታላ የተቀመጠች ሴት ግን በየቀኑ የምታነሳው እጅ አላት፤ የተበደለ ሰው ዱዓ ደግሞ በእሱና በአላህ መካከል መጋረጃ የለውም።

አላህ በስደት ያሉትን በሰላም ይመልስልን፣ የተለያዩትን በሐላል ያገናኝልን፣ ትዳራችንን የመረጋጊያ ቤት ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።

ሽምግልና የቀረበባት እህት ወይም ሽማግሌ ሊልክ የተዘጋጀ ወንድም ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ኒካሑ ከመታሰሩ በፊት አድርሱላቸው።